የሽሮፕ ቅርጫ

በዚያ ዓመት ኅዳር ሲታጠን ጭሱ አልሄድ አለ። ሌላ ጊዜ ቆሻሻው በማለዳ ይቃጠላል፣ ረፋድ ላይ ነፋስ ከእንጦጦ ይወርድና ይጠርገዋል፣ ሰዉም ዐይኑን አሽቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያን ቀን ነፋሱ ቀረ። ጭሱ ከየደጃፉ ተነሥቶ ባሕር ዛፉ ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ሰፈር እንደ ድስት ተከደነ። አሮጌ ጫማው፣ ፌስታሉ፣ የተቀደደ ፍራሹ፣ ያልነደደ ነገር አልነበረም። የድሮ ሰዎች «በሽታ የሚያባርር ጭስ ነው» ይላሉ። ያን ዓመት ምን እንዳባረረ እንጃ። ያስገባው ግን ሳል ነው።

ሳምንት ሳይሞላ በዳርቱ ግቢ ሳያስል የሚያድር ልጅ ጠፋ።

ዳርቱ ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ሃምሳን የዘለለች ሴት ናት። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከእንጦጦ የሚወርድ ጦስኝ ትሸጣለች፤ ከመደቧ ሥር ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ ያለ የነጭ ማር ባልዲ አይጠፋም። ግቢው የአባቷ ነው። ከተማው ወደ ላይ ሳይወጣ ገብስ ይዘራበት ነበር፤ ዛሬ የቀረው የሷ ቤትና ለተከራይ የሠራቻቸው ክፍሎች ናቸው። ትምህርቷ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ቃሏ ግን ቀርቶ አያውቅም፤ አንዴ «ይሄ ነገር እንዲህ ነው» ካለች ተራራው ከቦታው ቢነሣ እሷ አትነሣም። ሰውም ይህን ጠባይዋን ያውቃልና አይከራከራትም። ጥፋቱ የተጀመረው ምናልባት ከዚያ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የልጆች ሳል ጥናት ተጀምሯል የሚለውን ወሬ ያመጣችው ሐቢባ ናት። ሐቢባ ከስልጤ የመጣች፣ የግቢውን በር ተጠግታ ሱቅ የያዘች ተከራይ ናት፤ ወሬዋ ከሱቋ ቀድሞ ይከፈታል። «ምርመራውም ሽሮፑም በነጻ ነው» አለች። ዳርቱ የልጇን ልጅ ኦልያድን አዘለች፤ እናቱ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ስለምትሠራ ልጁ የሚውለው የሚያድረው ከአያቱ ጋር ነው። ሐቢባ ልጇን ኢልሃምን አንጠለጠለች። ልብስ አጥባ የምታድረው ሙሉጌጥም ልጇን ይዛ ተከተለች። ከሁሉም ኋላ ሶሬቲ መጣች።

ሶሬቲ ከተከራዮቹ ሁሉ ልጅ እግሯ ናት። ባሏ ገመዳ ላምበረት ጭነት ይሸከማል። የበኩር ልጃቸውን ቱሉን የወለደችው ክረምት ሲወጣ ነው፤ አንገቱን ገና ማጽናቱ ነበር። እሱም ጭሱ ገብቶበት እንደ ሽማግሌ ይስላል።

ጥናቱን የያዘችው ነርስ ሲስተር አምለሰት ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ እጇ ፈጣን፣ ለሰው የምታዝን ልጅ። ቡናማ ጠርሙሶቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አስረዳቻቸው።

«ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በማር የተሠራ፣ አንዱ በዕፅዋት የተሠራ፣ አንዱ ሁለቱም የሌሉበት ጣፋጭ ውሃ። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደ ደረሰ እኔም አላውቅም።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል?» አለች ሐቢባ።

«ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው።»

«ኮምፒዩተሩ የሚያስል ልጅ አለው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲስተርም ሳቀችና ፊቷን መልሳ ሰበሰበች። «ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላሉት ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በታች አይፈቀድም። ለሌላ ልጅ ማካፈል፣ ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀልም አይቻልም። እሺ እናቶቼ?»

«እሺ» ተባለ።

ሶሬቲ ተራዋ ሲደርስ ሲስተር የቱሉን ደረት አዳመጠች። «ሳምባው ደህና ነው። ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ አፍንጫውን ጥረጊለት፤ ከባሰበት አምጪው። ሽሮፑ ግን ለሱ አይሆንም» አለቻት። ለምን እንደማይሆን መናገር ጀምራ ነበር። ከኋላ የተሰለፉት «ኧረ ተራ! ተራ!» ብለው ጮኹና ቀሪው ሳይሰማ ቀረ።

«አይፈቀድም» የሚባለውን ቃል የዚያ ሰፈር ሴቶች ጠንቅቀው ያውቁታል። ዘይት ሲታደል መታወቂያሽ የዚህ ወረዳ አይደለም፣ አይፈቀድም። ስኳር ሲመጣ ስምሽ የለም፣ አይፈቀድም። ለነሱ ቃሉ አደጋ ማለት አይደለም፤ ቀረብሽ ማለት ነው። ሶሬቲ ባዶ እጇን ስትመለስ ያዩዋት ሁሉ የገባቸው ይኸው ብቻ ነበር። ሕፃኑ ቀረበት።

እሑድ ከሰዓት ሙሉጌጥ ጠርሙሷን ይዛ ግቢው መካከል ቆመች።

«ለኔ የደረሰኝ ውሃው ነው! ቀምሼዋለሁ። የኔ ልጅ ደረቱ ሲቀደድ ያድራል፤ የእትዬ ዳርቱ ልጅ እንቅልፉን ይለጥጣል።»

«የኔን ቅመሽ እስኪ» አለች ሐቢባ።

ሙሉጌጥ ቀመሰች። «ያንቺም ውሃ ነው።»

«እንግዲያው ውሃ የሆነው ያንቺ ምላስ ነው!»

ዳርቱ አልሳቀችም። ከሦስቱም በጣቷ ጫፍ እየነካች ቀመሰች፤ ዕድሜ ልኳን ማር ስትሸጥ የኖረች ምላስ ናት። «አንደኛው የማር ሽታ አለው፤ ግን ፈሪ ማር ነው። አንደኛው ቅጠል ቢጤ ነው። የሙሉጌጥ እውነትም ውሃ ነው» አለች። «አንድ ግቢ እየኖርን ለአንዷ ሽንጡ፣ ለአንዷ አጥንቱ ይድረስ? ይሄ ደግ አይደለም። ቅርጫ እናድርገው።»

በዓል ሲደርስ ጎረቤቱ ተዋጥቶ በሬ ያርዳል። መመደብ የወንድ ሥራ ነው፤ የዳርቱ አባት ሲሞት ግን ከሷ የተሻለ ዐይን ስላልተገኘ ወንዶቹ ለሷ ተዉላት። ከጉበቱም ከሽንጡም ከጎድኑም ለየመደቡ ታዳርሳለች። እሷ የመደበችውን «አነሰኝ» ብሎ ያኮረፈ ሰው የለም። በዚህ ትኮራለች።

«ጾም ተይዞ ቅርጫ!» አለች ሐቢባ። «በሥጋችሁ አልገባ፤ እስኪ በሽሮፑ ልግባ።»

«ሽሮፕ የእስላም የክርስቲያን የለውም። አምጪ ጠርሙስሽን።»

ሦስቱም ጠርሙሶች አንድ ጆግ ውስጥ ተገለበጡ። ዳርቱ እንደገና ቀመሰችውና ፊቷን አጨማደደች። ቀጥኖባታል። ጦስኝ ቀቅላ አጠለለች፤ ከባልዲዋ ነጭ ማር በጭልፋ ቀዳች፤ ሁሉንም ባንድ አፈላችው። ሲበርድ ጠርሙሶቹን መሬት ላይ ጎን ለጎን አቆመችና ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ ልክ ለልክ አደረገቻቸው። ከሐቢባ ሱቅ ደግሞ አንድ ባዶ ጠርሙስ አስመጥታ እሱንም ሞላች።

«ይሄ የማነው?» አለች ሙሉጌጥ።

«የቱሉ።»

ሶሬቲ ከበሯ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ትመለከታለች። «እትዬ፣ ሲስተር አይፈቀድም ብላለች እኮ» አለች።

«ለሥራቸው ብለው ነው እንጂ! ሳሉ ከነኦልያድ ሳል ያንሳል? ድርሻው ለምን ይጎድላል?»

«ገና ጡት ብቻ ነው የሚያውቀው። ፈራሁ።»

«እኔ ገና እንደ ተወለድኩ ማር ነው ያላሱኝ፤ ይኸው አለሁ። ማር ሰው ገድሎ አያውቅም፣ ሶሬቲ። የሚገድለው ሳሉ ነው። ብትወጂ ስጪው፤ ባትወጂ ደጅ ድፊው።»

እንዲህ ከተባለች በኋላ ምን ትበል? ስትወልድ ገንፎ ያገነፋችላት፣ ገመዳ እግሩን ሰብሮ የተኛ ጊዜ የቤት ኪራይ ያላነሣችባት ሴት የመደበችውን ደጅ የሚደፋ ማነው? ተቀበለች። ጣቷን ነክራ የሕፃኑ አፍ ላይ አደረገችው። ቱሉ ላሰው፣ ከንፈሩን ጠቀለለ፣ ፈገግ አለ።

«አየሽው?» አለች ዳርቱ። ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረች። «ይሄ ነገር ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። ከሰሙ ልጆቻችንን ያስወጡብናል።» ሐቢባ «ወላሂ» አለች። ሙሉጌጥ ሚካኤልን ጠርታ ማለች። ሶሬቲም ማለች፤ ድምፅዋ ግን ልጇን እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል ቀጭን ነበር።

ሳሉ ቀለለ። ኦልያድ እንደ ድሮው ዶሮ ማባረር ጀመረ፤ ኢልሃም ሱቁ ውስጥ ከረሜላ እየሰረቀች እናቷን አስጮኸች። ዳርቱ በገበያ መካከል ደረቷን ነፍታ ትሄድ ነበር። ቱሉም ሳሉን ተወ።

ሳሉን ተወና ልቅሶውንም ተወ።

«ልጅሽ እንዴት ጨዋ ሆነልሽ!» አለቻት ሙሉጌጥ ለሶሬቲ። «የኔ በሱ ዕድሜ ጣራ ያነሣ ነበር።» ሐቢባም «ማሻአላህ፣ መኖሩም አይታወቅ» አለች። ሶሬቲ መጀመሪያ ላይ ደስ አላት። ልብስ እስክታሰጣ ዝም ይላታል። ውሃ እስክትቀዳ ዝም ይላታል። ስትመለስ ዐይኑ እኩሌታው ተከፍቶ ጣራውን ያያል፤ ስትጠራው ዐይኑ ቶሎ አይመጣም።

ከዚያ ሆዱ ደረቀ። ሶሬቲ ለዳርቱ ነገረቻት።

«አልወጣለትም፣ እትዬ። ሰነበተ። ጡቴንም ሳይጨርስ ይተወዋል፤ ይኸው እንደ ድንጋይ ሆኖብኛል።»

«ብርድ ገብቶት ነው» አለች ዳርቱ። «ሆድ ሲደርቅ ማር ያለሰልሳል። ማታ ማታ ጨመር አርጊለት።» ሶሬቲ ጠርሙሱ እየጎደለ መሆኑን ስትነግራት ዳርቱ ከባልዲው ቀድታ ሞላችላት። ዳርቱ ክፉ ሴት ሆና አይደለም። የምታውቀውን ሰጠች፤ የምታውቀው ደግሞ ማር ነው።

በማግሥቱ ሕፃኑ ሲያለቅስ የድመት ግልገል መሰለ። ጠዋት ጭጋግ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ያች ቀጭን ድምፅ ከየት እንደምትመጣ አይታወቅም፤ ሙሉጌጥ ድመት መስሏት መጥረጊያ ይዛ ወጥታ ነበር። ሲገባት ሳቀች። የሳቀችው እሷ ብቻ ናት።

ሲስተር አምለሰት ያን ቀን ለጥናቱ ግቢው ድረስ መጣች። ከኦልያድ ጀምራ የሁሉንም እናቶች ጠየቀች፤ ልጁ ሌሊት እንዴት አደረ፣ ሳሉ ቀነሰ ወይ፣ እናንተስ ተኛችሁ ወይ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ መለሱ። ሲስተር ገረማት። «የሁላችሁም ልጆች ባንድ ቀን ነው የተሻላቸው» አለች። ሐቢባ ወደ ጣራው ተመለከተች። ሙሉጌጥ የሌለ ዝንብ አባረረች።

ሲስተር ስትወጣ ሶሬቲን በሯ ላይ አየቻት፤ ቀርባ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወደቀ። ሲስተር በመዳፏ ያዘችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ልጅ አንገቱን ያጸና አልነበረም? ምን ቀመሰ? ከሽሮፑ የሰጠው ሰው አለ?»

ሶሬቲ ዳርቱን አየቻት። ዳርቱም ወጣ ብላ «እሱ ከጡት ሌላ ምን ያውቃል ብለሽ?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ጽኑ ነበር። «ብርድ ነው የያዘው።»

ሲስተር ሴቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ሐቢባ ደንበኛ እንደ ጠራት ወደ ሱቋ ገባች። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው» አለቻት ለሶሬቲ። «ነገ እንዳትዪ።»

ሶሬቲ ነጠላዋን አነሣች። ዳርቱ ግን «ገመዳ ይምጣ፤ ሆስፒታል ያለ ወንድ አይሆንም» አለቻት። ገመዳ ሲመጣ መሽቶ ነበር። ሰሜን የሚሄድ አውቶብስ ሲጭን ውሎ ወገቡን ይዞ ነው የገባው። «ተኝቷል እኮ፣ ምን ሆነ ትያለሽ?» አለ ልጁን አይቶ። እውነት ነው፣ ተኝቷል።

ጎሕ ሲቀድ ቱሉ ጡቱን አልያዘም። ወተቱ ከአፉ ጥግ ይፈሳል እንጂ አይውጥም። የሶሬቲ ጩኸት ግቢውን በሙሉ አወጣው። ዳርቱ ጫማዋን ገልብጣ አድርጋ ሮጠች፤ ሐቢባ ስልኳን አውጥታ መኪና ጠራች። ገመዳ ከፊት ተቀመጠ፤ ሶሬቲና ዳርቱ ሕፃኑን ከኋላ ያዙት። መንገዱን ሙሉ ሶሬቲ አፍንጫው ሥር ጣቷን እያደረገች ትንፋሹን ትጠብቃለች። ዳርቱ ሳታቋርጥ «ብርድ ነው፣ ብርድ ነው» ትላለች። ለማን እንደምትል አታውቀውም።

ድንገተኛ ክፍል ያገኙት ሐኪም ጠሀ የሚባል ወጣት ነው። የሕፃኑን ክንድ አነሣና ለቀቀው፤ ክንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ሽፋሽፍቱን በአውራ ጣቱ ገለጠ። አፉ ውስጥ ጣቱን ከቶ እንዲጠባ ጠበቀ። አልጠባም።

«ኢንፌክሽን በደሙ ገብቶ ሊሆን ይችላል» አለና ለነርሷ መርፌ አዘዘ። ነርሷ የሕፃኑን እጅ አገላብጣ የደም ሥር ትፈልግ ጀመር። ሐኪሙ ወደ ሶሬቲ ዞረ። «ከጡት ሌላ የቀመሰው ነገር አለ? ውሃ፣ ቅቤ፣ ማር?»

ሶሬቲ ዳርቱን አላየቻትም። መሬት መሬት እያየች «ጡት ብቻ ነው» አለች። ምላለችና።

ዳርቱ ክፍሉ ጠበባት። ሐኪሙ ማርን ለምን ጠራ? ስንት ነገር እያለ ማር? አሁን ከተናገረች ኦልያድና ኢልሃም ይወጣሉ፣ ሲስተር ትቀየማለች፣ ሾላ ላይ «የዳርቱ ማር» የሚባለው ስም ይጠፋል፤ ይኸ ሁሉ አለ። ግን ከሁሉም የከበዳት ሌላ ነው። ከተናገረች እሷ ተሳስታለች ማለት ነው። በዕድሜዋ አፏ ያን ቃል አውጥቶ አያውቅም።

ነርሷ ሥሩን አገኘች። መርፌውን አነሣች።

«ማር ልሷል!» አለች ዳርቱ። ጮክ ብላ ነው፤ በረንዳው ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ዞሩ። «እሷ አይደለችም፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማታ ማታ።»

«ቆዪ!» አለ ሐኪሙ ለነርሷ። የነርሷ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ? ሆዱስ ደርቋል?»

ዳርቱ ነገረችው። ጆጉን፣ ጦስኙን፣ ባልዲውን፣ ሁሉንም አወጣችው። ገመዳ ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጣል፤ ሚስቱን ያያታል፣ ዳርቱን ያያታል። ሐኪሙ መርፌውን በሌላ አስለወጠ። «ያ የተውነው ለብዙ በሽታ ደህና መድኃኒት ነው። ማር ለጎዳው ልጅ ግን ቀሪውን አቅሙንም ያሳጣዋል» አለ።

«ማር እንዴት ይጎዳል፣ ዶክተር? አፍልቼዋለሁ እኮ!»

«በዐይን የማይታይ ዘር አንዳንድ ማር ውስጥ ይኖራል፣ እናቴ። መፍላት አይገድለውም። እኔና እርስዎ ብንበላው ሆዳችን ያሸንፈዋል፤ ከዓመት በላይ ያለ ልጅም ሆድ ያሸንፈዋል። ዓመት ያልሞላው ልጅ ሆድ ውስጥ ግን ይበቅላል። ሲበቅል መርዝ ያወጣል፤ መርዙ ሰውነቱን አንድ በአንድ ያስተኛዋል። መጀመሪያ ሆዱን፣ ከዚያ ዐይኑን፣ ከዚያ አንገቱን።»

«ከዚያስ?»

ሐኪሙ የሕፃኑን ደረት ተመለከተ። ደረቱ ከፍ ዝቅ የሚለው እንደ ነገሩ ነበር።

«መርዙን የሚያከሽፈው መድኃኒት እኛ ጋ የለም፤ እያፈላለግን ነው። ግን መርዙ ከጊዜ ጋር ይለቃል። እስኪለቅ ድረስ የሚተነፍስለት ያስፈልገዋል።»

መተንፈሻ ማሽኖቹ በሙሉ ተይዘው ነበር። ሐኪሙ ቱሉ ጉሮሮ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገባ፤ ጫፉ ላይ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፊኛ ገጠመበት። ሲጨመቅ ደረቱ ይነሣል፤ ሲለቀቅ ይወርዳል። ነርሶቹ ሌሎች ልጆችም ስላሉባቸው ቤተሰብ እየተቀባበለ እንዲጨምቅ አሳዩአቸው። «ሳታፈጥኑ፣ ሳትረሱ» አለ ሐኪሙ። «እናንተ ካቆማችሁ እሱም ያቆማል።»

ዳርቱ ማንንም ሳትጠይቅ ፊኛውን ያዘች።

ጨመቅ፣ ለቀቅ። ከሾላ የማይጠፋው ጩኸት፣ ክርክሩ፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም ከጭንቅላቷ ወጣ። ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጣቶቿ ዛሉ። ገመዳ «አምጪው» ሲላት ራሷን ነቀነቀች። ይህ ሰው ዛሬ «እርስዎ» ማለቱን ትቷል፤ ሰምታዋለች፣ አልከፋትም።

ረፋድ ላይ ሲስተር አምለሰት እየሮጠች ገባች። ደውላ የነገረቻት ሐቢባ ናት፤ መሐላውን ያፈረሰችው ገመዳ ከሆስፒታል ደውሎ «ለሲስተር ሁሉንም ንገሪያት» ስላላት ነው።

«ለሌላ ሕፃን የደረሰ አለ?» አለች ሲስተር፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«የለም። በግቢው ከዓመት በታች ያለው እሱ ብቻ ነው» አለች ዳርቱ ፊኛውን እየጨመቀች። «ሐቢባ የቀረውን ትድፋው በይ። ባልዲውንም።»

«ልጆቻችሁ ከጥናቱ ይወጣሉ። የግቢያችሁ ውጤት ሁሉ ይሰረዛል።»

«ይሰረዝ።»

ሲስተር ቱሉን ስታይ ዐይኗ ሞላ። ቁጣዋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። «ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ እትዬ ዳርቱ። ትናንት፣ በሩ ላይ፣ ጠይቄዎት ነበር።»

ዳርቱ ዐይኗን ከፊኛው አላነሣችም። ጨመቅ፣ ለቀቅ።

ከቀትር በኋላ ሐኪሙ መጥቶ እጇን አየ። «ይልቀቁት አሁን። የደከመ እጅ ይስታል።»

«አልደከመኝም።»

«እናቴ፣ እልኽዎ ለልጁ አይተነፍስለትም።»

ሶሬቲ ከወንበሯ ተነሣች። «እኔ ልያዘው» አለች፤ አሁንም ፊቷን አላየችም። ዳርቱ ቦታውን ለቀቀችላት። ሁለቱ እጆች ፊኛው ላይ ተገናኙ፣ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ተቀባበሉ።

ዳርቱ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ወጥታ ተቀመጠች። ጣቶቿ አልዘረጋ ብለው እንደ ታጠፉ ቀርተዋል። ገመዳ ማዶ ቆሟል። ማሽኖቹ ካሉበት ውስጠኛ ክፍል ነርሶች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። መጀመሪያ በፍጥነት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ሆነ። ከዚያ የሚገባም የሚወጣም ጠፋ።

ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ መጣ። ጠዋት ያልነበረ ድካም ፊቱ ላይ ነበር። «ማሽን ተገኝቷል» አለ ለገመዳ። «አሁኑኑ እናስገባዋለን።» ገመዳ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ተመስገን!» አለ፤ ሮጦ ወደ ሶሬቲ ገባ። አልጋውን እየገፉ አለፉ፤ ሶሬቲ ከጎን እየሄደች ትጨምቃለች፣ ጭምቋ አልተዛነፈም። በሩ ተከፍቶ ዋጣቸው።

ዳርቱ ማሽኑ እንዴት እንደ ተገኘ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያው በር አንዲት ሴት በሁለት ሰዎች ተደግፋ ወጣች። ክንዷ ላይ የታጠፈ የሕፃን ብርድ ልብስ አለ። ብርድ ልብሱ ባዶ ነው። ሰዎቹ አግዳሚው ላይ አስቀመጧትና አንደኛው ወረቀት ሊያስጨርስ፣ ሁለተኛው ስልክ ሊደውል ሄዱ።

አግዳሚው አንድ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከበሩ ወዲያ ማሽኑ ሲነፍስ ይሰማል።

«አሁን የገባው ያንቺ ልጅ ነው?» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ ደርቆ ነበር።

«የጎረቤቴ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

ዳርቱ የታጠፉ ጣቶቿን ተመለከተች። «ማር አልሼው» አለች።

ሴትዮዋ አልገባትም፤ ሊገባትም አልጠበቀችም። ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «እግዜር ይማርላችሁ» አለች።

ዳርቱ አሜን ማለት አቃታት።